ጤፉ አይነቅዝም፣ ገበሬው ግን በጥር ይሸጣል

ጤፍ በተወደደ ቁጥር ስልካችን ላይ አንድ ዓይነት ጨዋታ ይጀመራል። አንዱ የኩንታሉን ዋጋ ይለጥፋል። ሌላው ከስር «ገበሬው ዘንድሮ አለፈለት» ብሎ ይጽፋል። ሦስተኛው ደግሞ «እዚህ ሥራ ፍለጋ ከመንከራተት ገጠር ገብቶ ማረስ ነው» ይላል፣ የሳቅ ምልክት ጨምሮ። ሁለቱም አስተያየቶች ብዙ ላይክ ያገኛሉ፤ ሁለቱም ግን ስህተት ናቸው ባይ ነኝ። እስቲ ከመጀመሪያው እንጀምር። ጤፉ በተወደደበት ወር ገበሬው ቤት የሚሸጥ ጤፍ አለ ወይ?

አብዛኛውን ጊዜ የለም። የጤፍ ዓመት እንዲህ ነው የሚዞረው፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይዘራል፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ይታጨዳል፣ አውድማ ላይ ተወቅቶ ታኅሣሥና ጥር ቤት ይገባል። በሁሉም ቤት በአንድ ጊዜ ስለሚገባ ገበያው ይጥለቀለቃል፣ ዋጋውም ይወርዳል። ክረምቱ ሲመጣ ጎተራው ይጎድላል፣ መንገዱ ይጨቀያል፣ ዋጋው ይወጣል። ገበሬው የሚሸጠው መቼ ነው? በጥር። ገበያ ወጥቶ እህል የሚገዛውስ? በሐምሌና በነሐሴ። አዎ፣ ገበሬም እህል ይገዛል። ይህን ስነግራቸው የሚገረሙ የከተማ ጓደኞች አሉኝ። መሬቱ ትንሽ የሆነ ቤተሰብ ግን ጤፉን በበጋ ሸጦ፣ ክረምት ላይ በቆሎ ወይም ማሽላ ገዝቶ ነው ዓመቱን የሚገፋው። በነሐሴ «አለፈለት» የምንለው ሰው በዚያው ወር ከእኛ ጋር ገዢ ነው።

«ታዲያ ለምን አስቀምጦ አይሸጥም?» ትሉኛላችሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም «መጋዘን ስለሌለው» የሚለው የተለመደ መልስ አይደለም። በቆሎ ቢሆን ኖሮ እሺ። በቆሎን ነቀዝ በጥቂት ወራት ውስጥ ዱቄት ያደርገዋል፤ ለዚያም አየር የማያስገባ ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት መጥቷል፣ በደንብ ይሠራል። ጤፍ ግን ሌላ ነው። ደርቆ ከገባ ነቀዝ አይደፍረውም፣ ጎተራ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ይህን ደግሞ ከገበሬው በላይ የሚያውቅ የለም። ዋጋው በክረምት እንደሚወጣም ያውቃል። እያወቀ ነው በጥር የሚሸጠው።

ምሥራቅ ጎጃም የሚኖሩትን አጎቴን ይህንኑ ጠይቄያቸው ነበር። የተማርኩትን ላሳያቸው ፈልጌ በወረቀት ላይ ግራፍ ሁሉ ሠርቼላቸዋለሁ። ዝም ብለው አዩኝና «እህሉ ሲገባ ዕዳውም አብሮ ይገባል» አሉኝ። ከዚያ በጣታቸው ቆጠሩልኝ። ለማዳበሪያ የተበደሩት ይመለሳል። የመሬት ግብር ይከፈላል። የጤና መድህን መዋጮ የሚሰበሰበው በዚያው ሰሞን ነው። የቀበሌው ሌላ ሌላ መዋጮ አለ። ከዐቢይ ጾም በፊት ሠርግ አለ፤ የራስ ባይሆን የዘመድ፣ እጅ ባዶውን አይኬድ። ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማረው ልጅ የስንቅና የኪራይ ይጠብቃል። ይህ ሁሉ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ውስጥ የሚወድቅ ነው። ለምን እንደዚያ ሆነ? ቀላል ነው። ገንዘብ ጠያቂው ሁሉ ገበሬው እጅ ላይ እህል ያለበትን ወር ያውቃል።

እስቲ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፤ ኢኮኖሚክስ የተማርኩት ለዚህ ካልሆነ ለምንም አይሆንም። ቁጥሮቹ ምሳሌ ናቸው። ጥር ላይ የአንድ ኩንታል ዋጋ 100 ነው እንበል፤ ሐምሌ ላይ 130። አንድ ቤተሰብ ለዕዳው ብሎ ለቀለቡ የሚያስፈልገውን 2 ኩንታል በጥር ሸጠ፤ 200 አገኘ። ሐምሌ ላይ ያንኑ 2 ኩንታል መልሶ ሲገዛ 260 ያወጣል። ልዩነቱ 60 ነው። 200 ወስዶ ከ6 ወር በኋላ 260 የመለሰ ሰው ምን አደረገ ይባላል? ተበደረ ነው የሚባለው። ወለዱ በ6 ወር 30 በመቶ፣ በዓመት ሲታሰብ 60 በመቶ። እዚህ ከተማ ውስጥ አንድ ሰው በዚህ ወለድ ቢያበድር «አራጣ» ብለን እንከሰዋለን። በጥር ገበያ ላይ ግን ውል የለም፣ ፊርማ የለም፣ አበዳሪው ራሱም አበዳሪ መሆኑን ላያውቅ ይችላል፤ እህል ነጋዴ ነው፣ በርካሽ ገዝቶ አስቀምጦ በውድ ይሸጣል። እሱንም መስደብ አልፈልግም፣ ሥራው ነው። የጓጓሁበት ነገር ገበሬው ለምን የእሱን ትርፍ መውሰድ እንዳልቻለ ነው።

ከመቶ ዓመት በፊት አሌክሳንደር ቻያኖቭ የሚባል ሩሲያዊ የኢኮኖሚ ምሁር የቤተሰብ እርሻን ሲያጠና ያየው ነገር እዚህ ይጠቅመናል። የገበሬ ቤት እንደ ፋብሪካ ብቻ ሊታይ አይችልም አለ፤ ያው ቤት አምራች ነው፣ ያው ቤት በላተኛ ነው፣ ሠራተኞቹም ደሞዝ የማይከፈላቸው ልጆችና ሚስት ናቸው። ስለዚህ ውሳኔው የሚመራው በትርፍ ስሌት ሳይሆን ስንት አፍ አለ፣ ስንት ክንድ አለ በሚለው ነው። (ሰውዬው በስታሊን ዘመን እኤአ በ1937 ተረሸነ። ስለ ገበሬ እውነቱን መናገር ዋጋ የሚያስከፍልበት ጊዜም ነበር ለማለት ነው።) የእኛ አገር የሰብል ምርት ከ90 በመቶ በላይ የሚመጣው ከእንደዚህ ዓይነት ቤቶች ነው። ፖሊሲያችን ግን አሁንም የሚያየው ግማሹን፣ ማለትም ማሳውን ብቻ ነው። በሄክታር ስንት ኩንታል? ምርጥ ዘር ደረሰ? በመስመር ተዘራ? እነዚህ ሁሉ አስፈላጊ ጥያቄዎች ናቸው፤ በሪፖርት ላይም ያምራሉ። ከአውድማው በኋላ ያለውን ቤት ግን አያዩትም።

ምርት ብቻውን ምን እንደሚያደርግ ደግሞ በዚሁ አገር አይተነዋል። እኔ ገና ሕፃን ነበርኩ፤ ያነበብኩት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው፣ እስከዛሬም ከአእምሮዬ አልወጣም። በ1980ዎቹ አጋማሽ ሳሳካዋ ግሎባል 2000 በሠርቶ ማሳያ የጀመረው፣ መንግሥትም በኋላ በሰፊው የወሰደው የምርጥ ዘርና የማዳበሪያ ፓኬጅ ተሳክቶ ነበር። በቆሎው ወጣ። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. ግን ምርቱ ገበያውን አጥለቅልቆ ዋጋው ከግማሽ በታች ወረደ። ገበሬው በብድር የወሰደውን ማዳበሪያ የሚከፍልበት አጣ፤ ማሳው ላይ ያለውን በቆሎ መሰብሰብ የጉልበቱን ዋጋ አልመለሰም ያሉም ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት ብዙዎች ማዳበሪያ ቀነሱ። ከዚያ ዝናቡ ጠፋና በ1995 ከ13 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ ዕርዳታ ፈላጊ ሆነ። ከትርፍ ምርት እስከ ረሃብ ያለው ርቀት ሁለት ዓመት አይሞላም። ድርቁ ጥፋት ነው፣ አልክድም። ግን ገበሬው ድርቁን የገጠመው ባዶ እጁን ነበር፤ ባዶ እጁን ያስቀረው ደግሞ ጥሩ ምርት ያገኘበት ዓመት ነው!

ማዳበሪያው ላይ ስንመጣ የጊዜው ነገር ይብሳል። ማዳበሪያ የሚገዛው ሰኔና ሐምሌ ላይ ነው፤ ቤት ውስጥ ገንዘብም እህልም በጣም ባነሰበት ወር ማለት ነው። አገሪቱ የምትጠቀመው ዩሪያና ዳፕ ከውጭ በዶላር ይገባል። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲመራ ሲወሰን 57 ብር ገደማ የነበረው 1 ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። መንግሥት ድጎማ መድቧል፣ ባይመድብ ኖሮ የሚሆነውን ማሰብ ይከብዳል፤ ሆኖም የኩንታሉ ዋጋ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከነበረው ጋር የሚወዳደር አይደለም። ዋጋው አንድ ነገር ነው፣ መድረሻው ሌላ። በ2015 ክረምት መግቢያ የአማራ ክልል ገበሬዎች ማዳበሪያ አጣን ብለው እስከ ባሕር ዳር ድረስ ሄደው አቤት ማለታቸውን ታስታውሳላችሁ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ የጸጥታው ችግር ተጨምሮበታል። ዩሪያ ከሦስት ሳምንት በኋላ ቢመጣስ? ሰብሉ አይጠብቅም፤ ዘግይቶ የደረሰ ማዳበሪያ ዕዳው ሙሉ ነው፣ ጥቅሙ ጎዶሎ። በነሐሴ 2017 ጎዴ ላይ ትልቅ የዩሪያ ፋብሪካ ለመገንባት ከዳንጎቴ ጋር ስምምነት ተፈርሟል። ደስ ይላል። እስኪያመርት ግን ያሉት ክረምቶች በአሁኑ መንገድ ነው የሚያልፉት።

አሁን ወደ ሦስተኛው አስተያየት ሰጪ ልምጣ። «ገጠር ገብቶ ማረስ ነው» ላለው። ወንድሜ፣ የትኛውን መሬት?

በ1967 የወጣው አዋጅ መሬትን ለአራሹ ሰጠ፤ ይህ በታሪካችን ትልቅ ነገር ነው። በአማራ ክልል የመጨረሻው የመሬት ድልድል የተካሄደው በ1989 ዓ.ም. ነው፤ በሌሎች ክልሎች ከዚያ ቀደም ብሎ ቆሟል። እኔም ሆንኩ ይህን የሚያነቡ አብዛኞቹ ከዚያ በኋላ የተወለድን ወይም ያኔ ጡት ያልጣልን ነን። በድልድል መሬት የማግኘት ነገር ለእኛ ትውልድ አልደረሰም፤ ያለው መንገድ ከወላጅ መውረስ ወይም ስጦታ ነው። አባትየው ያላቸው አንድ ሄክታር፣ ማለትም አራት ጥማድ ቢሆንና ልጆቹ አራት ቢሆኑ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ጥማድ ይደርሳል። አንድ ጥማድ ላይ ጥሩ ጤፍ የተባለው 4 ወይም 5 ኩንታል ነው። በዚያ ትዳር አይያዝም። ስለዚህ የገጠሩ ወጣት የሚያርሰው የእኩል ነው፤ አቅም ካነሳቸው አዛውንት ወይም ወንድ ልጅ ከሌላት መበለት መሬት ይዞ፣ ጉልበቱንና በሬውን አውጥቶ፣ ምርቱን ለሁለት ይካፈላል። ቀደም ብለን የሠራነውን ሒሳብ በግማሽ ምርት ድጋሚ ሥሩት። እዚህ አዲስ አበባ ኮንስትራክሽን ላይ ሲሚንቶ የሚሸከመው ልጅ፣ በሳዑዲ መንገድ ላይ ያለው ልጅ፣ ሰነፍ ገበሬ ስለሆነ አይደለም የወጣው። ሒሳቡን ሠርቷል።

በዚህ መሃል አንድ አዲስ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው ግን ልብ ያለው አይመስለኝም። በ2016 የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324 ገበሬው የመሬት የመጠቀም መብቱን አስይዞ እንዲበደር ፈቅዷል። መሬቱ በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም፤ የሚያዘው የመጠቀም መብቱ ነው። ክፍል ውስጥ ስንማር ይህ እንደ መድኃኒት ነበር የሚቀርበው፤ ዋስትና ካለ ባንክ ያበድራል፣ ባንክ ካበደረ ምርት ያድጋል። በመርህ አልቃወምም። የሚያሳስበኝ ግን ብድሩ በየት ወር ነው የሚመለሰው የሚለው ነው። መመለሻው እንደለመድነው ጥር ላይ ከተቀመጠ፣ ገበሬው እስከዛሬ በርካሽ ይሸጥ የነበረው እህሉን ነበር፤ ከአሁን በኋላ መክፈል ካቃተው ለተወሰኑ ዓመታት የሚለቀው መሬቱን ይሆናል። ያው ወጥመድ ነው፣ መያዣው ብቻ ነው የተለወጠው።

እንግዲህ የኔ ሐሳብ ብዙም የሚያስጨበጭብ አይደለም። ትራክተር የለበትም፣ ድሮን የለበትም። የዕዳውን ወር አንሱት ነው የምለው። ለማዳበሪያ የሚሰጥ ብድር በጥር ከሚመለስ በግንቦት ወይም በሰኔ ቢመለስ ምን ይጎድላል? አበዳሪው «እስከዚያ እህሉን በልተው ይጨርሱታል፣ ብድሬ ይቀራል» ብሎ ይሰጋል። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ ግን መልስ አለው። ራሱ እህሉ መያዣ ይሁን። በ2011 የወጣው በሚንቀሳቀስ ንብረት ዋስትና የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1147 ሰብልና ከብት ለብድር መያዣ እንዲሆኑ መንገድ ከፍቷል። ገበሬው 5 ኩንታል ጤፍ መሠረታዊ ማኅበሩ መጋዘን ያስገባል፣ ደረሰኝ ይቀበላል፣ በደረሰኙ የዋጋውን የተወሰነ ክፍል ይበደራል፣ በዚያ ዕዳውን ይዘጋል፤ ሰኔ ላይ እህሉ ተሽጦ ብድሩ ተቀንሶ ቀሪው ይሰጠዋል። ጤፍ ደግሞ እንዳልኩት አይነቅዝም። ለዚህ ሥራ ከእሱ የተሻለ እህል ማግኘት ይከብዳል!

ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ሥራ ሲጀምር በመጋዘን ደረሰኝ ነው የተነሳው፤ መጀመሪያ የታሰበውም እንደ በቆሎና ስንዴ ላለው እህል ነበር። በኋላ ቡናና ሰሊጥ ወሰዱት። ለውጭ ምንዛሪ ጥሩ ሆነ፤ የጎጃሙ ጤፍ ግን አሁንም በአህያ ተጭኖ፣ በደላላ አፍ ዋጋ ተቆርጦለት ነው የሚሸጠው። መሠረታዊ ማኅበራትና ዩኒየኖችም ቢሆኑ በጥር ከአባሎቻቸው የሚገዙበት የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ያንሳቸዋል። ነጋዴው በጥሬ ገንዘብ ይመጣል፣ ማኅበሩ «ቆዩ፣ ብር ሲለቀቅ» ይላል። ገበሬው ለማን ይሽጥ?

ክፍያን ከቤተሰቡ አቅም ጋር ማጣጣም እንደሚቻል ደግሞ ከትግራይ አንድ ምሳሌ አለ። ቆላ ተምቤን ውስጥ አዲ ሃ በምትባል ቦታ በ2001 ዓ.ም. ኦክስፋም አሜሪካና ስዊስ ሪ ከአገር ውስጥ ተቋማት ጋር ሆነው ለጤፍ አምራቾች የዝናብ ኢንሹራንስ ጀመሩ። 200 ያህል ቤተሰቦች ገቡ። አረቦኑን በብር መክፈል ያልቻሉ በጉልበታቸው፣ በአፈርና ውሃ ጥበቃ ሥራ እንዲከፍሉ ተደረገ። ቻያኖቭ ቢያየው ደስ ይለው ነበር፤ ቤቱ የሌለውን ገንዘብ ሳይሆን ያለውን ክንድ ነው የጠየቁት። እኛ ስልክ ላይ የምንበደረው ብድር በሳምንት ወይም በወር መልሱ ይላል፤ ለደሞዝተኛና ለሱቅ ነጋዴ ይሆናል። እርሻ ላይ በወር የሚመለስ ነገር የለም፤ ካለም ወተትና እንቁላል ነው። እነዚህን መተግበሪያዎች የምትሠሩ ልጆች ይህን የምታነቡ ከሆነ፣ ከሰኔ እስከ ሰኔ የሚሄድ ብድር አስቡበት። ገበሬው ስልክ አለው፤ ወደ 8028 ደውሎ የእርሻ ምክር መስማት ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል።

የተባበሩት መንግሥታት እኤአ ከ2019 እስከ 2028 ያሉትን ዓመታት የቤተሰብ እርሻ አሥርት ብሎ ሰይሟቸዋል፤ ሊያልቁ ትንሽ ነው የቀራቸው። ፖሊሲው ደግሞ በአንድ ክረምት አይቀየርም። እስከዚያው ግን ገጠር ቤተሰብ ኖሯችሁ ገንዘብ የምትልኩ አላችሁ፤ ከዚህም፣ ከዱባይና ከቤይሩትም። አብዛኞቻችሁ የምትልኩት ሰኔና ሐምሌ ላይ ነው፣ «ማዳበሪያ ደረሰ» ወይም «እህል አለቀ» ተብሎ ሲደወልላችሁ። አቅም ካላችሁ ከዚያው ገንዘብ የተወሰነውን በታኅሣሥ መጨረሻ በቴሌብር ላኩት። ስትልኩ ደግሞ ለምን እንደሆነ በግልጽ ንገሯቸው፤ ለሠርግ ሳይሆን ለዕዳው እንደሆነ፣ በምትኩም 2 ኩንታል ሳይሸጥ እስከ ሐምሌ እንዲቀመጥ። እኔ አጎቴን በዚህ ለማሳመን ሁለት ጊዜ መደወል ነበረብኝ። በመጀመሪያው ጥሪ ሥራ የለቀቅሁ መስሏቸው ነበር፤ እህል እንዲያስቀምጡልኝ የምለምን መስሏቸው «ና እንጂ፣ ምን ያሳፍራል» አሉኝ። በሁለተኛው ጥሪ ግን ስንት ኩንታል እንደሚተርፍ ራሳቸው አስልተው ጠበቁኝ።